የባዘቶ ዓይን

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ ስትሠራ ኖራለች፤ እድፍ አስለቃቂ ናት። የቀለም ይሁን የዘይት፣ የዝገት ይሁን የደም፣ ከእሷ እጅ ያመለጠ እድፍ ጥቂት ነው። ባልደረቦቿ በሌለችበት «በረኪና» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ እንዲያውም ደስ ሳይላት አይቀርም። የሰው ቤት እንግዳ ሆና እንኳ ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ጠብታ ካየች ጨዋታው አይጥማትም።

እናቷ ከደረጃ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረና ሆስፒታል ሲተኙ፣ ነጩ ውሻቸው ባዘቶ እሷ ቤት መጣ። ስሙ እንደ መልኩ ነው፤ ተነድፎ የተከመረ ጥጥ ይመስላል። እናቷ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊገቡ ሲሉ እጇን ጨብጠው «ዓይኑን አደራ» አሏት። እሷ እንኳን ስለ ውሻው ስለ ራሷም የምታስብበት ሰዓት አልነበረም፤ ደህና አድርገሽ ጠብቂልኝ ማለታቸው መሰላትና «እሺ እማዬ፣ አታስቢ» ብላ ሸኘቻቸው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ምግብ ልታቀርብለት ጎንበስ ስትል፣ ከሁለቱም ዓይኖቹ ሥር እስከ አፍንጫው ድረስ ዝገት የመሰለ መስመር ወርዶ አየች። ደነገጠች። ስድስት ዓመት በየእሁዱ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ የዚህ ውሻ ፊት እንደ ወረቀት የነጣ ነበር። እሷ ገና አምስት ቀን ብትይዘው ምን አገኘው?

በሳሙና አጠበችው፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቷ ከቧንቧ ውሃው ነው ብትላት የታሸገ ውሃ ገዛችለት። የላውንደሪው ልብስ ተኳሽ ደግሞ ከምግቡ ነው አላት፤ ምግቡን በአንድ ጊዜ ብትቀይርበት ሆዱ ተበላሸ። ሌላ ባልደረባዋ ለዚሁ የሚሸጥ ክኒን አለ አለቻት፤ ፈልጋ አጣችው። ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር እየሮጠች ቤት ትመጣና ፊቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ታዞረዋለች። ይብሳል እንጂ አይሻለውም። እናቷ በየቀኑ እየደወሉ ባዘቶ እንዴት ነው፣ ዓይኑስ ይሏታል፤ ደህና ነው ብላ ወሬ ታስቀይራለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቁጭ ማለት ያቅታታል፤ የታጠፈ ልብስ ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች። በሦስተኛው ሳምንት እናቷ ሐሙስ ይወጣሉ ተባለ።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። የነጭ ሸሚዝ አንገት የምታነጣበትን ማንጫ ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች። በብዙ ውሃ አቅጥኜ፣ በጥጥ ጫፍ ብቻ፣ ዓይኑን ሳላስነካ፣ አለች ለራሷ። በግራ በኩል ደህና ሄደላት። ወደ ቀኙ ስትዞር ግን ባዘቶ ራሱን ወዘወዘና ጥጡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ውሻው አንዴ ጮኸና አልጋ ሥር ተወሸቀ።

ጎትታ አወጣችው። ዓይኑን በንጹሕ ውሃ ደጋግማ አጠበችና በፎጣ ጠቅልላ ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጠች። ሥራ ቦታ መደወልም ትዝ አላላት።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ ነገራቸው ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ጓንታቸውን እስኪያጠልቁ ድረስ እሷ ሦስት ጊዜ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ ተነሣች። የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ዓይኑ ላይ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርገው በሰማያዊ መብራት አዩና፣ ላዩ ትንሽ ተልጧል፣ በጠብታ ይድናል አሏት። ከዚያ አፍንጫውን እያዩ ጠበቁ። ቢጫው ቀለም በግራ በኩል ቶሎ ብቅ አለ፤ በቀኝ በኩል ግን ቆይቶ ቆይቶ ነው የመጣው። እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀጭን መንገድ እንዳለ፣ የቀኙ ጠበብ ያለ እንደሆነ አስረዷት። መስመሩም ቆሻሻ አይደለም፤ እንባው ራሱ ጸጉር ላይ ሲደርቅ የሚያወጣው ቀለም ነው። ስለዚህ እንዴት ይነጣል ብሎ መጠየቅ ሳይሆን፣ እንባው ለምን ይፈሳል ብሎ መጠየቅ ነው አሏት።

ከአፍንጫው በላይ ያለውን ጸጉር በጣታቸው አነሡት።

«ይህ ጸጉር ዓይኑን እየወጋው ነው። ከዚህ በፊት በየጊዜው የሚያሳጥርለት ሰው ነበር፤ ጫፉ ላይ ያስታውቃል። ፊቱንም የሚጠርግለት ሰው ሳይኖር አይቀርም።»

የእናቷ አደራ አሁን ገባት። ደህና ጠብቂልኝ አላሏትም። ዓይኑን ነው ያሏት።

ሐኪሙ ጸጉሩን አሳጠሩለት። በየጠዋቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ጥጥ ይዛ እንድትጠርግለት፣ ከዚያም እንድታደርቅለት ነገሯት። የሚበላበትን የፕላስቲክ ሳህን በብረት እንድትለውጥ፣ ክኒኑን እንድትረሳው፣ ማንጫውንም ዳግመኛ እንዳታስጠጋው አስጠነቀቋት። ቀለም የያዘው ጸጉር ግን አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ እንዳለ ይቆያል። ለሐሙስ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ እናቷ በክራንች እየተደገፉ ቤታቸው ገቡ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የባዘቶን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና ቀይ ዓይኑንም መስመሩንም አዩ። እሷ ያጠናችው ማስተባበያ ጠፋባት፤ ማንጫውንም፣ በስልክ የዋሸችውንም አንድ በአንድ ተናዘዘች። እናቷ የውሻውን ግንባር ዳበሱ።

«ባዘቶ በመጣ ሰሞን ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

አላስታወሰችም።

«ፊቱ የቆሸሸ ውሻ ነው፣ መልሺው አልሽኝ። እሁድ በመጣሽ ቁጥር እንዳትነዘንዢኝ ብዬ ጠዋት ጠዋት እጠርገው ጀመር። ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት እማዬ?»

«አንቺ ስትገቢ መጀመሪያ መጋረጃውን ነው የምታዪው፣ ልጄ። እኔን የምታዪኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

ተነሥታ ውሃ ጣደች።

እናቷ ገና ማጎንበስ ስለማይችሉ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ትመጣለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ጥድፊያዋ አልለቀቃትም፤ ዛሬስ ነጣ ወይ እያለች ጸጉሩን ትፈለፍላለች፣ እናቷም ቀስ በይ ይሏታል። ዓይኑ በሳምንት ዳነ። በወሩ ከሥር ነጭ ጸጉር ብቅ አለ። ጸጉሩ ሦስተኛ ጊዜ ሲቆረጥ ግራው ጠራ፤ በቀኙ ግን ቀጭን መስመር ቀረ፤ ሐኪሙ ይኼኛው አብሮት የሚኖር ነው አሏት።

በአምስተኛው ወር እናቷ ክራንቹን ጥለው ማጎንበስ ጀመሩ። አሁን ውሃውንም ጥጡንም ራሳቸው ማዘጋጀት ይችላሉ። ግን ጠዋት በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ባዘቶን አይነኩትም።