የመካከሉ ማሳ

መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁ። ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ገና ስላልተነሣ ከጥቂት እርምጃ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። «ቀጭ» ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ «ቀጭ»። ከብት ገባ ብዬ ሮጥሁ። ስደርስ ገበሬው ነመራ ተንበርክኮ የዋንዛ ችግኞቹን አንድ በአንድ ይነቅላል።

«ኦቦ ነመራ! ምን ነካዎት?»

«አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት አደርህ አለኝ ቀና ሳይል። ሌላውንም ነቀለ።

ዘመኑ ፲፱፻፷፪ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነቀምቴ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬአለሁ። የጉቴን መንደር የወንዝ ዳር ጎርፍ እንዳይንደው ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በእግሬ ብቻዬን ስመላለስ እያለምሁ። በወንዙ ዳር ዐሥር እርምጃ ለችግኝ የለቀቀ ገበሬ አንድ ከረጢት ጨው ያገኛል። የጎረቤታሞች ችግኝ ያለ ክፍተት ከተጋጠመ ግን ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት። «ጎረቤት ጎረቤቱን ይጎትታል» ብዬ ለአለቃዬም ለገበሬዎቹም ሳስረዳ እንዴት ኮርቼ ነበር!

ከላይ ጨመዳ ያርሳል፤ ከታች ሞረዳ፤ መካከል ነመራ። ባለፈው ሳምንት መጥቼ ሦስቱም ማሳ ተተክሎ ሳገኝ ማንንም ሳልጠይቅ «ነመራ ተክሏል» ብዬ መዝገቤ ላይ አሰፈርሁ።

የነመራ ሚስት ድርቤ ከጎጆዋ ወጣች። «ጸሐፊው መጣህ? ና፣ ሥራህን እይ! ባለመሬቱ ባላምባራስ መሸሻ ነቀምቴ መዝገብህን አይተው ትናንት በበቅሎ መጡ። ‹ጭሰኛዬ ዛፍ ተከለ? ዛፍ የተከለ ነገ መሬቱ የኔ ነው ይላል። እስከ ነገ ማታ ጎጆህን አፍርሰህ ውጣ› አሉት። ይኸው፣ ብነቅለው ይራሩልኝ ይሆናል ብሎ ነው።»

ነመራ ጭሰኛ ነው? ካርታዬን የሳልሁት የሚያርሰውን ሰው እያየሁ ነበር። መሬቱ የማን ነው ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

«ታዲያ ለምን ተከላችሁ?»

«ማን ተከለ? እኛ ነቀምቴ ገበያ ነበርን። ስንመለስ ቆሞ አገኘነው!»

ይኼን ጊዜ ጨመዳና ሞረዳ እያለከለኩ ደረሱ። ጨመዳ የነመራን እጅ ለቀም አደረገ።

«ተው እንጂ! የጸሐፊው አለቆች ሊያዩ የሚመጡት ነገ ነው። አንድ ቀን መታገሥ አቃተህ?»

«በዚህ ማሳ ላይ ማነው የተከለው?» ብዬ ጮህሁ።

ሞረዳ ሳቀ። «እኛ ነና! አምና ታሞ ሲተኛ በደቦ አርሰንለት የለም? ይኼም ያው ነው። አልተክልም ብሎ ቢግደረደር በሌለበት ጨረስንለት። እሱም ሁለት ከረጢት ይወስዳል፤ ምን ክፉ አደረግን?»

«ቤቱን አፈረሳችሁበት!» አለች ድርቤ፤ የባላምባራስን ቃል ደገመችላቸው።

የሞረዳ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ጨመዳ የነመራን እጅ ለቀቀና ወደ እኔ ዞረ። «የኔ ጌታ፣ ጎረቤታችሁን ጎትቱ ያልኸን አንተ አይደለህም?»

ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ጻፍሁ፦ ችግኙን ነመራ አልተከለም፤ ያለ ፈቃዱ የተከሉበት ጨመዳና ሞረዳ ናቸው። ፈረምሁበት። ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

«ያ ዋቃ! አምላኬ!» አለ ሞረዳ። «ባላምባራስ በሰው መሬት ገባችሁ ብለው ያሳስሩናል። ሰባት ልጅ አለኝ እኮ፣ ነመራ!»

«እኛስ የት እንደር?» አለች ድርቤ። «ውሰድ፣ አንተ ሰውዬ! ሩጥ፣ ባላምባራስ ከቤት ሳይወጡ!»

ነመራ ተነሣ። የጉልበቱን ጭቃ በመዳፉ ጠረገ፤ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለ። ማንበብ ባይችልም ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ አጠፈና በሞረዳ መዳፍ ላይ አኖረው። ሞረዳ ፍም እንደ ያዘ ሰው ቆሞ ቀረ።

ነመራ ወደ ወንዙ ወረደ። ውኃው እስከ ጉልበቱ ነበር።

«ወዴት ነው? የባላምባራስ ቤት እኮ በዚህ ነው!» አለች ድርቤ።

«የምናድርበት ልፈልግ» አለ ሳይዞር። ማዶ ወጣ፤ ጭጋጉም ውስጥ ገባ።