አለሁ፤ አልሰማም

አሥር አለቃ ካሣዬ በባድመ ጦርነት መድፈኛ ነበር። እጅና እግሩን ይዞ ተመለሰ፤ ሁለቱ ጆሮዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። አሁን ቴፒ ላይ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ሌላው ሰው ግማሽ ቀን ቆሞ ራሱን ይዞ የሚሸሸው ጩኸት እሱን አይነካውም፤ ማሽኑ ሲታመም በውስጥ እግሩ ያውቃል። ከንፈር ማንበብ የሚችለው የባለቤቱን የተሾመችን ብቻ ነው። ሌላው ሰው ጽፎ ይሰጠዋል።

በጥቅምት አንድ ደብዳቤ መጣ። ልጃቸው ሳባ ለእናቷ አነበበችላት።

«‹የመስማት ጉዳትዎ ጊዜያዊ ተብሎ የተመዘገበ በመሆኑ፣ የጉዳት ጡረታዎ እንዲቀጥል መሻሻሉን ለማጣራት ሚዛን ተፈሪ በሚገኘው የሕክምና ቦርድ እንዲቀርቡ› ይላል።»

ተሾመች ወረቀቱን ተቀብላ ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ ማስተካከያ ያለ መስሏት።

«ጊዜያዊ? ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ?»

ነገሩ ወዲህ ነው። ያኔ በጦር ሜዳ ሆስፒታል የነበረ ሐኪም «ሲያርፍ ይመለስለታል» ብሎ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን የነካው ሰው የለም።

ካሣዬ ግን «ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል በጣቱ ነክቶ፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ፣ «እና ይመለሳል ማለት ነው?» አለ። እናትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ካስነሣ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ብቻውን ሄደ። የቦርዱ ኮሪደር ጆሯቸው በተጎዳ የቀድሞ ወታደሮች ተሞልቶ ነበር። ይርዳው የሚባለው የመዝገብ ሠራተኛ በሩን ገርበብ አድርጎ ስም ይጠራል። አሥራ አራት ሰው ጠርቶ አንድ ሰው ተነሣ፤ እሱም ሽንት ቤት ሊሄድ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ታደለ፦ «ተጠርቶ አልቀረበም።»

በሁለተኛው ቀጠሮ ተሾመች አብራው ሄደች። «አሥር አለቃ ካሣዬ ወንድሙ!» ሲባል በክርኗ ጎሸመችው፤ ብድግ አለ። ይርዳው ቀና ብሎ አየውና ጻፈ፦ «ሲጠራ ወዲያው ተነሥቷል።»

«ኧረ እኔ ነኝ የጎሸምኩት!»

«እትዬ፣ ቅጹ ላይ ክርን የሚል ቦታ የለም።»

ዶክተር ቤተልሔም መረመረችው። ወጣት ናት፤ ሥራዋን አጥብቃ ትይዛለች። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጋ የመሣሪያውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ካሣዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ያነብ ነበር።

«ምንም አይሰሙም» አለች ለተሾመች። «ግን ቋሚ ብዬ ለመፈረም መዝገቡ ለውጥ ማሳየት የለበትም። እሳቸው መጀመሪያ ሲጠሩ አልተነሡም፤ አሁን ተነሥተዋል። በመዝገብ ሲታይ ከፍተኛ መሻሻል ነው።»

«ራስዎ አሁን መርምረውት የለም እንዴ፣ ዶክተር?»

«እኔ አንድ ገጽ ነኝ» አለች ዶክተሯ፣ አፍራ።

ተሾመች ሳምንቱን ሙሉ አሰበች። ቢነሣ ሰምቷል፤ ባይነሣ አልመጣም። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶም አለመስማቱ እንዴት ይታወቅለት? በመጨረሻ ከሳዲቅ ሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምና መጣች፤ ሳባም በትልልቁ ጻፈችበት፦ «ካሣዬ ወንድሙ ነኝ። አለሁ። አልሰማም።»

በሦስተኛው ቀጠሮ ካሣዬ ካርቶኑን ጀርባው ላይ አንጠልጥሎ፣ ወንበሩን ወደ ይርዳው በር አስጠግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሌሎቹ አይተው ካርቶን ፍለጋ ወጡ።

«አሥር አለቃ ካሣዬ ወንድሙ!» አለ ይርዳው፣ ጽሑፉን እያነበበ።

ካርቶኑ አልተነቃነቀም።

ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር ጮኸ። ትንፋሹ የካሣዬን አንገት ሲሞቀው፣ ፊት ለፊቱ የቆመችው ተሾመች በከንፈሯ ብቻ «እንዳትዞር!» አለችው። አልዞረም። ይርዳው እፎይ ብሎ ጻፈ፦ «ቀርቧል፤ ተጠርቶ አልተነሣም።»

«እንዲህ ግልጽ አድርጋችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለ፣ «ማን ያመላልሳችሁ ነበር?»

ዶክተር ቤተልሔም ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ አየቻቸው።

«ተሽሏቸው ነበር፤ አገረሸባቸው» አለች በመጨረሻ። «ያገረሸ ጉዳት ደግሞ በመመሪያው ቋሚ ነው።» ፈረመች፤ ማኅተም ተመታ።

ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከሚያጨበጭቡት አብዛኞቹ ጭብጨባውን አልሰሙትም። ካሣዬ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ።

«ዶክተር፣ አይመለስም ማለት ነው?»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችለት፦ «አይመለስም።»

አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሚኒባሱ ሸኮን አለፈ። ከዚያ ካሣዬ፣ «የሳባ ድምፅ ምን ይመስላል?» አለ። ሳባ የተወለደችው ከጦርነቱ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ተሾመች ይህን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። አሰበች። አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረችና ቀስ ብላ፣ «የእናትህን ይመስላል» አለችው። «በተለይ ስትቆጣ።»

የእናቱን ድምፅ ያውቀዋል። ማጂ ላይ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ስትጣራ፣ ከብቶቹ እንኳ ራሳቸውን ቀና ያደርጉ ነበር። ካሣዬ ሳቀ፤ ሾፌሩ በመስተዋት እስኪያየው ድረስ ሳቀ።

«እንግዲያ ያገባት ሰው አለቀለት!» አለ፤ ተሳፋሪው በሙሉ ዞረ።

«ቀስ በል እንጂ» አለችው ተሾመች። እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ስለነበር አላያትም።