የመጋዙ ምርቃት

ስልክ በጠራ ቁጥር መርዶ የሚነግሩኝ ይመስለኛል። ሴት ልጄ የእንጨት ሥራ ቤት ከተቀጠረች ወዲህማ ብሶብኛል። ያን ቀን ግን ፎርማኗ እየሳቀ ነበር የደወለው።

«እናታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት! ልጅዎ ተመረቀች። ይምጡና ይውሰዷት።»

የሙከራ ጊዜዋን ጨረሰች ብዬ፣ በዕድሜዬ አንዴ ክፉ ሳላስብ፣ የክት ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

ልጄ ጣውላ ክምር ላይ ተቀምጣለች። ግራ እጇ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ደሙ በክርኗ በኩል ይንጠባጠባል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትንሿ ጣቴ ናት፣ እማዬ። ደግሞ እንዳትጮኺ።»

ፎርማኑ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። የቀሩለት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። የጉማጆቹ የተቋጠረ ቆዳ መዳፌ ውስጥ ሲልመጠመጥ ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ።

«እዚህ ቤት መጋዝ ያልቀመሰው ሰው ባለሙያ አይባልም። ሲቀምሰው ተመረቀ እንላለን» አለኝ።

«እኔ ሁለት ዲግሪ አለኝ!» አለ ቀለም ቀቢው፣ ሁለት ጉማጅ ጣቶቹን እያሳየ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ይባስ ብላ ልጄም ሳቀች።

«የመጋዙ መከለያስ?»

«ሥራ ያጓትታል፤ አውልቀነዋል።»

«ጣቷስ የት አለ? ሐኪም ይፈልገው ይሆናል እኮ!»

«ከሰጋቱራው ጋር ተጠርጓል መሰለኝ።»

ማንም ከቦታው አልተነሳም። ጥግ ላይ ካለው ክምር ሄጄ ተንበረከክኩ። የሲጋራ ቁራጭ፣ አክታ፣ ሙጫ ያጣበቀው የእንጨት ብናኝ። በእጄ በተንኩት። ሳገኘው ሰጋቱራ ለብሶ ነበር፤ ጥፍሩ ባይኖር ጣት መሆኑን አላውቅም። በሻሼ ጠቅልዬ፣ ልጄን በሌላ እጄ ጎትቼ ወጣሁ።

«ሲሻላት ትመለስ፤ ቦታዋ አለ!» አለ ፎርማኑ ከኋላዬ።

«ምርቃት አሜን ይባላል። የእናንተን ግን አሜን አልልም!» አልኩት።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ሻሹን ፈቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቆይቷል፣ ቆሽሿልም፤ አይሰፋም።

ልጄ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

«እማዬ፣ ባለፈው ሳምንት የአንዱ ሠራተኛ ጣት ሲቆረጥ እኔም አጨብጭቤያለሁ» አለችኝ።

ላቅፋት ይገባ ነበር፤ እናት ነኝ። ግን ተጸየፍኳት። እንባዋን እንድትጠርግ መሐረቤን ከሩቅ አቀበልኳት።