የአያ እሸቴ ትርፍ ቁልፍ

ሙላቴ በነጂብ ሱቅ በር ላይ ካለችው በርጩማ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ተነሣ። ለአራተኛ ጊዜ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል፣ ነጂብ ዓይኑን ከሚጠግነው ስልክ ሳያነሣ፣ «ወይ ተቀመጥ ወይ ቁም፤ በርጩማዋን አታድክማት» አለው።

ነጂብ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የመኪና ቁልፍ ማሽን አስመጥቷል። ሪሞት ያለውን ቁልፍ ፕሮግራም የሚያደርግ በአካባቢው እሱ ብቻ ስለሆነ ከአንበሳሜም ከወረታም ይመጡበታል። ቁልፍ የጠፋበት ሰው እንዴት እንደሚሆን ስለሚያውቅ የደንበኛ መቁነጥነጥ አያስደንቀውም። የሙላቴ ግን ገረመው። ቁልፉ እጁ ላይ ነው፤ መኪናዋም በሩ ላይ ቆማለች። ትርፍ ቁልፍ ለማስወጣት የመጣ ሰው እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሙላቴ የመጣው ትርፍ ቁልፍ ለማስወጣት አልነበረም። ለአባቱ ግን ያላቸው እንደዚያ ነው። «አባባ፣ ይቺ አንዲት ቁልፍ ብትጠፋ ጉድ መሆናችን ነው፤ ትርፍ ላስወጣ» አላቸው። እሳቸውም ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ያለ አንዲት ጥያቄ ሰጡት።

«ነጂብ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ በመጨረሻ። «አዲሱን ቁልፍ ስታስገባ አሮጌውን ማውጣት ይቻላል?»

«ማውጣት ማለት?»

«በሩን ይክፈት፤ ሞተሩን ግን እንዳያስነሣ።»

ነጂብ አሁን ቀና አለ። «ይቻላል። ማሽኑ መጀመሪያ ሁሉንም ይሰርዛል፤ ከዚያ የሰጠሁትን ብቻ ይመዘግባል። ያልሰጠሁት ቁልፍ ባዶ ብረት ሆኖ ይቀራል። ሊብሬውን አምጣ እስቲ።»

ሊብሬው፣ የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ በአባቱ ስም ነው። ሙላቴ ይህን አላሰበበትም ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ሰው፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ደብተሩን እያቅማማ ሰጠ። ነጂብ ገልጦ ስሙን አነበበና መልሶ ዘጋው።

«የአያ እሸቴን ቁልፍ ነው የምሰርዘው?»

«ለጊዜው ነው።»

«እኔ ባለቤቱ ፊቴ ሳይቆም ቁልፍ አልሰርዝም፤ ለማንም። ባልና ሚስት ሲጣሉ እኔ ዘንድ እንደሚሮጡ ታውቃለህ? ደግሞ አያ እሸቴን! ሚስቴን ምጥ የያዛት ቀን ሆስፒታል ያደረሱልኝ ማን ሆኑና!»

ሙላቴ ሊከለክለው እጁን ሳይዘረጋ ነጂብ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር። «አያ እሸቴ፣ እንደምን አረፈዱ? ነጂብ ነኝ። ብቅ ይበሉልኝ እስቲ፤ የቁልፏ ነገር እርስዎን ፈለገ። ኧረ ደኅና ነው። ባጃጅ ይያዙ።»

አለቀ። ሙላቴ በርጩማዋን ትቶ እስከ መንገዱ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። መኪናዋን አስነሥቶ መጥፋትም አሰበ። የት ሊሄድ? መልሶ የሚገባው እዚያው ቤት ነው።

አያ እሸቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይቺን አሮጌ ኮሮላ የገዙት ለራሳቸው ነው ይባላል እንጂ የሰፈሩ ናት። ምጥ ሲመጣ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲሆን የሚንኳኳው የሳቸው በር ነው፤ እሳቸውም እምቢ ማለትን አያውቁም። ችግሩ ዓይናቸው ነው። ካቻምና ሞራ ጀመራቸው፤ ዘንድሮ ባሰ። ኦፕራሲዮን ይሁኑ ሲባሉ «ከፋሲካ በኋላ» አሉ፤ ፋሲካም መጥቶ ሄደ። ባለፈው ወር ለቀስተኞች አሳፍረው ከአንበሳሜ ሲመለሱ መንገድ ስተው ቦይ ውስጥ ገቡ። ሰው አልተጎዳም፤ ሦስት ሴቶች ግን ያበቃውን ለቅሶ እንደ አዲስ ጀመሩት።

ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የተሠራው ሥራ ጉድ ያሰኛል። በዚያ ቤት አያ እሸቴን «አይንዱ» የሚል ሰው አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ሁሉም በጎን ዞረ። እኅቱ ፈንታነሽ ሁለት ጊዜ ጎማ አስተነፈሰች፤ አባቷ ሁለቴም ነፍተው ሄዱ። ሙላቴ መኪናዋን ትምህርት ቤት ግቢ ማዋል ጀመረ፤ አባቱ በእግራቸው መጥተው፣ ከዘበኛው ጋር ተሳስቀው፣ ነድተዋት ወጡ። ቢቸግራቸው የንስሐ አባታቸውን ሽማግሌ አድርገው ላኩ። ቄሱ ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ጠላ ቀመሱ፤ ረጅም ምክርም መከሩ ተባለ። ሲወጡ ግን አያ እሸቴ ከመሪው ኋላ ነበሩ፤ ቄሱን ጣራ ገዳም ሊያሳልሟቸው። ቄሱ ከጎን ተቀምጠው በመስኮት ለሙላቴ እጃቸውን አወዛወዙለት።

ነገ ደግሞ የጎረቤታቸው የእቴነሽ ልጅ ያገባል። ሙሽሪትን ከአንበሳሜ የምታመጣው ይቺው ኮሮላ ናት። ሙላቴ «እኔ ላምጣት» ቢል፣ እቴነሽ «የአያ እሸቴ እጅ ቡሩክ ነው፤ ሌላ ሰው አልፈልግም» ብላ ዘጋችው። ያንን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከኋላ ሙሽሪትና ሚዜዎቿ እየዘፈኑ፣ ከፊት ምንም የማያዩት አባቱ። ይህን ባሰበ ቁጥር እግሩ አልቆም ይለዋል።

ባጃጁ መጣ። አያ እሸቴ ወርደው የቦዩን መሻገሪያ በጫማቸው ጫፍ ፈልገው አገኙት፤ ቀስ ብለውም ገቡ። ነጂብ ሰላምታውን እንደጨረሰ፣ ነገር ማሽሞንሞን የማይሆንለት ሰው ነውና፣ «አያ እሸቴ፣ ልጅዎ የርስዎን ቁልፍ ሰርዝ ይለኛል። እኔ የለሁበትም፤ ተነጋገሩ» ብሎ ማሽኑን አንሥቶ ወደ መኪናዋ ወጣ።

አያ እሸቴ በርጩማዋን ዳስሰው ተቀመጡ።

«ቁልፉን ስትመልስልኝ ምን ልትለኝ ነበር?»

«መኪናዋ ተበላሸች ልል ነበር፣ አባባ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሞተር ስፈታ የኖርሁ ሰው፣ ኮፈኗን ከፍቼ የሌለ ብልሽት ስፈልግ እንድውል።»

በቁጣ አልተናገሩትም። ሙላቴ አባቱ በፀሐይ ላይ ሞተሩ ውስጥ አጎንብሰው ሲዳስሱ ታየው፤ እንደዚያን ጊዜ በራሱ አፍሮ አያውቅም።

«ዓይንዎ አያይም፣ አባባ» አለ። ወጣለት። አንድ ወር ሙሉ በቤቱ ውስጥ ሲዞር የነበረው ቃል ይኸው ነበር።

«አያይም» አሉ አያ እሸቴ።

ሙላቴ የተዘጋጀው ለክርክር ነበር።

«ያን ቀን ከአንበሳሜ ስመለስ መንገዱን አላየሁትም። የሚመጣውን መኪና ጡሩምባ ሰምቼ ነው መሪውን ያዞርሁት። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የምይዘው እየፈራሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይነዳሉ?»

«ሰው በሬን ሲመታ ምን ልበል? እሸቴ ዓይኑ ጠፋ ልበል? በገዛ አፌ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቄሱን የላካችሁ ዕለት እፎይ ብዬ ነበር። በቃ ሊከለክሉኝ መጡ ብዬ። እሳቸው ግን ጣራ ገዳም አድርሰኝ አሉኝ! እኔ የምጠብቅ የነበረው አንድ የሚቆጣኝ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ልጅ አሳድጌ የሚቆጣኝ አጣሁ።»

ሙላቴ መሳቅ አማረው። ፈንታነሽ ጎማ ስታስተነፍስ፣ እሱ መኪና ሲደብቅ፣ እኚህ ሰው የሚጠብቁት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ስማኝ» አሉ አባቱ። «ነጂብ ይሰርዘው። ሲጨርስ ደጅ እንወጣና፣ ሰው እየሰማ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይነዱም በለኝ። እኔ እቆጣለሁ። ልጄ ቁልፌን ነጠቀኝ ብዬ ለእቴነሽም ለሰፈሩም አወራለሁ። ሌላ ነጂ ይፈልጋሉ።»

«እኔንስ ሰው ምን ይለኛል?»

«ባለጌ ይልሃል።»

«አስተማሪ ነኝ እኮ፣ አባባ። የዚህ ሁሉ ሰው ልጅ የሚማረው እኔ ዘንድ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ለዚህ ነው ያልለመንሁህ።»

ሙላቴ ደጁን አየ። የቅዳሜ ገበያተኛ ይተራመሳል። በዚህ ከተማ የሰከረም፣ የሰረቀም ጊዜ አልፎ ይረሳለታል፤ አባቱን በአደባባይ ያዋረደ ልጅ ግን እስኪሸብት ድረስ ይነገርበታል። ለአባቱ የሚቀረው ክብር ከሱ ላይ ተቆርጦ የሚሰጥ ነው። ፈራ። ቢሆንም የነገው መንገድ ታየውና ራሱን ነቀነቀ፤ አባቱ ያላዩት መስሎት «እሺ» አለ።

«ነጂብ! ጀምረው!» አሉ አያ እሸቴ።

ማሽኑ ከመሪው ሥር ተሰክቶ አሥራ ስድስት ደቂቃ ጠብቁ አለ። ሙላቴ ከሱቁ እስከ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ እስከ ሱቁ ተመላለሰ። አሥራ አራት። አሥራ ሦስት። አባቱ ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡት።

«በል እስቲ፣ ልስማህ።»

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባይነዱ…»

«ባይነዱ ምንድን ነው? ልመና ነው? አይነዱም!»

«አይነዱም።»

«ጮክ በል።»

ሙላቴ በጮኸ ቁጥር ድምፁ ይቀጥንበታል። አባቱ ተማሪዎቹን በዚህ ድምፅ ነው ወይ የምታስተዳድረው ብለው ተረቡት፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ።

ነጂብ አዲሱን ቁልፍ አስመዘገበና አሮጌውን ለአያ እሸቴ ሰጣቸው። እሳቸው ራሳቸው ካልሞከርሁ ብለው ከመሪው ኋላ ገቡ። በሩ ተከፍቶላቸው ነበር፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም። አንዴ ደገሙት። ከዚያ መሪውን በመዳፋቸው ዳሩን ተከትለው አንድ ዙር ዳሰሱት፤ ወጡም።

ሙላቴ መኪናዋ አፍንጫ ላይ ቆሞ ነበር። ተነፈሰ። ድምፁ ካሰበው በላይ ሆኖ ወጣ።

«አባባ! ከዛሬ ጀምሮ አይነዱም! ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጠው!»

ገበያተኛው ቆመ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «የአያ እሸቴ ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ። ሙላቴን የሰው ዓይን ሁሉ አቃጠለው፤ ሳይታወቀው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሸሸ። ስልኩን ሊወስድ የመጣ አንድ ባለ ግራጫ ኮት ሰውዬ ነገሩን በቅርብ ሊያይ እሱ ከለቀቀው ቦታ ላይ ገብቶ ቆመ።

«አንተ!» አሉ አያ እሸቴ። ጣታቸው ተዘረጋ። «በዚች እጅ ያሳደግሁህ! ዛሬ እኔን በሰው ፊት? እኔን? ሠላሳ ዓመት የሰው ነፍስ ተሸክሜ የኖርሁትን?»

ድምፃቸው ተሰበረ። በልምምዱ ውስጥ ይህ አልነበረም። ሙላቴ ቁጣው የተስማሙበት ይሁን የምር ይሁን ሊለየው አልቻለም፤ ምናልባት እሳቸውም አልቻሉም። ይበልጥ የከፋው ግን ሌላ ነበር። ጣቱ የተቀሰረው ወደ ባለ ግራጫ ኮቱ ነው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ነጂብ የሱቁ በር ላይ ማሽኑን እንደያዘ ደረቀ። ሌላ ሰው ገና አላስተዋለም።

«ምን ትዘጋኛለህ? ቀና ብለህ እየኝ!» አሉ አያ እሸቴ ሰውዬውን።

ሙላቴ አልሮጠም፤ ቢሮጥ ሁሉም ይነቃል። ያፈረ ልጅ እንደሚሄደው አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ሰውዬውን በትከሻው ገለል አደረገና ከአባቱ ጣት ፊት ቆመ።

«አለሁ፣ አባባ» አለ፣ ለሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ይቆጡኝ።»