ለሞተች መርከብ ምስክር

በከር ጌጃ ሰፈር ውስጥ አልጋና ሳጥን እየሠራ ልጆቹን የሚያሳድግ አናጢ ነው። ስለ መርከብ ያነሣበት ደንበኛ ግን አለቀለት፤ የዚያን ዕለት አልጋው አይደርስለትም። ወጣትነቱን ምጽዋ ላይ ያሳለፈው ከአንድ እንግሊዛዊ የመርከብ መርማሪ ጋር ነበር። መርማሪው የመርከቧን እንጨት በመዶሻ መታ መታ ያደርጋል፤ ድምፁ ጥርት ካለ ጤነኛ ነው፣ ከታፈነ በስብሷል። ከዚያ ለመርከቧ ደረጃ ይሰጣታል። ነጋዴው ዕቃውን አምኖ የሚጭንባት ያንን ደረጃዋን አይቶ ነው። የበከር ሥራ መዶሻውን ተሸክሞ መከተል ነበር፤ ሲያወራው ግን መርማሪው ራሱ እሱ ይመስላል።

እንግሊዛዊው አገሩ ሲገባ አንድ ጥቅል ወረቀት ተወለት። አያቱም መርማሪ ነበሩና፣ ማርጋሬት ሆፕ የምትባል ባለሸራ የንግድ መርከብ ዕድሜዋን ሙሉ ሲመረምሩ የጻፉት ነው። ከምን እንጨት እንደ ተሠራች፣ ለስንት ዓመት አንደኛ ደረጃ እንደ ተሰጣት፣ የቱ ጋ እንደ ላላች፣ መቼ ከደረጃዋ እንደ ወረደች፣ ሁሉም አለበት። ሌላ ሰው ቢሆን ምስማር ይጠቀልልበት ነበር። በከር ግን መርከቧን እንደ ዘመድ ነበር የሚያያት፤ ከደረጃዋ የወረደችበትን ገጽ ሲያነሣ ፊቱ ይጠቁራል።

ያስቸገረው እንግሊዝኛው ነው። ወደብ ላይ የለቀማት እንግሊዝኛ ለንግግር እንጂ ለንባብ አልበቃችውም። ይህን ያቃለለለት ጎረቤቱ መምህር ገረሱ ነው። ገረሱ እሑድ እሑድ ልደታን ተሳልሞ ሲመለስ ወደ በከር ቤት ጎራ ይላል። እሱ እያነበበ በአማርኛ ይነግረዋል፤ በከር ደግሞ ያልገባውን የመርከብ ነገር በጣውላ ቁራጭ ያስረዳዋል። «ኤ ዋን» ሲባል ፊደሉ ለመርከቧ አካል፣ ቁጥሩ ለመልህቋና ለገመዷ የተሰጠ ደረጃ መሆኑን ገረሱ የተማረው ከበከር ነው። የበከር ሚስት ዙሃራ ምሳ እያቀረበች፣ ባሌን መርከብ ቀማችኝ እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ሰባ ዓመተ ምሕረት መጣ። ምጽዋ በአማፅያን ተከባ፣ ሰው ስለ ወደቡ በሹክሹክታ በሚያወራበት ሰሞን፣ አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያ ፍለጋ የበከርን ቤት ሲበረብሩ የመርከብ አካል ንድፍ ያለበት የእንግሊዝኛ ወረቀት አገኙ። ሰውየው ደግሞ የምጽዋ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

በከር አልደነገጠም፤ እንዲያውም ሳቅ ብሎ ተከተላቸው። በሞተች መርከብ ማን ይከሰሳል? የቀበሌው ሊቀ መንበር ሚደቅሳም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚተኛው በከር በሠራው አልጋ ላይ ነው። ግን እሱም አለቆች አሉት፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው አሰረ ተብሎ የተጠየቀ የለም። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ አንባቢ ስላልነበረ፣ ነገሩ የጥንት መርከብ መሆኑን የሚመሰክር አንባቢ ካለ አሁኑኑ እለቅዎታለሁ፣ ከሌለ ግን ዛሬውኑ ወደ ከፍተኛ አስተላልፍዎታለሁ አለው። ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ተላልፎ ሳይመለስ የቀረው ሰው ስንት እንደ ሆነ ሰፈሩ ያውቃል።

በከር በደስታ የገረሱን ስም ጠራ። ስሕተቱ ይህ ነበር። ያን ጊዜ ቀበሌ ውስጥ ሆኖ የወዳጅን ስም መጥራት ወዳጅን እሳት ውስጥ መጨመር ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በከር ግን ያሰበው እንደ ወደብ ሰው ነው፤ መርከብ ስትጠረጠር የሚያውቃት ሰው ይጠራላታል።

ገረሱ መጣ። ሰላምታ ሳይሰጠው ተቀመጠ። በከር ይህን እንደ ጥንቃቄ ቆጠረው። ሚደቅሳ አንዱን ገጽ አቀበለው፣ ገረሱም ቃል በቃል ተረጎመ፤ በስተቀኝ ከትልቁ ምሰሶ ሥር ሳንቃው ላልቷል፣ ውሃ ያስገባል። ትክክል ነበር። በከር እንደ እሑዱ ሁሉ ቀጥል በሚል ዓይን ያየው ነበር።

«የመርከብ ደካማ ጎን የተጻፈበት ነው ማለት ነው?» አለ ሚደቅሳ።

ገረሱ ነው አለ። ይህም እውነት ነው። ሚደቅሳ ግን ብልህ ነበርና ጣቱን ከገጹ አናት ላይ አሳረፈ።

«ይቺ 1869 ምንድን ናት? የፈረንጅ ዘመን ከሆነች ነገሩ የመቶ ዓመት ነው፤ ሰውየውን ለምን አስቸግራለሁ?»

የበከር ልብ እፎይ አለ። ገረሱ ያንን ዓመት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ያኔ አያቴም አልተወለዱ ብሎ ስቆበት ነበር። ቁጥሩን አየው፣ አየው።

«የመዝገብ ቁጥር ትመስለኛለች» አለ።

ከዚህ ቀደም ይህን ወረቀት አይተኸዋል ወይ ተብሎ ሲጠየቅም አላየሁም አለ። በከር ዓመተ ምሕረት ነው፣ ሌላውንም ገጽ ተመልከቱ ብሎ ለመናቸው። ሌላው ገጽም ቁጥር በቁጥር ነው፤ የተጠርጣሪ ቃል ደግሞ የመምህርን ቃል አይረታም። ገረሱ በሰጠው ቃል ላይ ፈርሟል። ታናሽ ወንድሙ አምና ተወስዶ እንደ ቀረ በከር ያውቃል፣ ፍርሃቱም ይገባዋል። ቢገባውስ? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ውስጡ ነደደ፤ ከእስሩ ይልቅ ያቃጠለው ገጽ በገጽ አብረው ያነበቡት እሑድ ሁሉ ሐሰት መሆኑ ነው።

ወደ ከፍተኛ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ በመስኮቱ አጠገብ አስቀመጡት። ዙሃራ በር ላይ ምግብ ይዛ ቆማለች። ገረሱ ሲወጣ ሮጣ ያዘችው። ምን እንዳለችው አልተሰማም፤ ገረሱ ግን አይዞሽ፣ የምችለውን ሁሉ ተናግሬያለሁ ሲላት ተሰማ። ዙሃራ ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችው።

በከር ለመጮህ አፉን ከፈተ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ይህ ሰው ነው የሸጠኝ ብሎ አንዴ ቢጣራ ይበቃል። ከዚያስ? የዙሃራ ዘመዶች ሩቅ ናቸው፣ ልጆቹ ትንንሾች ናቸው። ስንቅ ስታመላልስ አብሯት የሚቆም፣ አቤቱታ የሚጽፍላት ከገረሱ ሌላ ማን አለ? እዚሁ ቀበሌ በር ላይ የመንግሥትን ምስክር ብትሰድብ ደግሞ ማን ያተርፋታል?

አፉን መልሶ ገጠመ። ዙሃራ ቀና ስትል በመስኮቱ አየችው። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እሱ አለልን በሚል ወደ ገረሱ አመለከተችው።

በከር አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት።