ከፊት የተቀመጠው ሰው

ገብረ መድኅን አውሮፕላን ነድቶ አያውቅም። ብስክሌትም ነድቶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ ከነብስክሌቱ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ገብቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ ቲኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድና ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነው። ይህ ሰው እንዴት «ካፒቴን» ሊባል እንደቻለ ለመረዳት እሱን ራሱን አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። አሁንም ጨርሶ ገብቶታል ማለት አይቻልም።

አውሮፕላኑን የሠራው ዲሪር ነው። ዲሪር ጎረቤቱ ነው፤ በአይሱዙ እስከ ድንበር ከተማዋ ደወሌ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር፣ ቤቱ ሲሆን ደግሞ መካኒክ። የአርባ ዓመት ጓደኛሞች ናቸው። አንድ ቀን ዲሪር ስልኩ ላይ አንድ የፈረንጅ ሽማግሌ ጓሮው ውስጥ የእንጨት አውሮፕላን ሲሠራ አየ። ደጋግሞ አየው። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ይኼ ሰውዬ እኮ እንጨት አያያዙም ልክ አይደለም» አለ። በማግስቱ ጣውላ ገዛ።

አራት ዓመት ፈጀ። አካሉ እንጨት፣ ልብሱ ቀለም የጠጣ አቡጀዴ፣ ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ፣ ጎማዎቹ የሞተር ብስክሌት። ፕሮፔለሩን ዲሪር ራሱ ከዋንዛ ጠረበው፤ ሦስቱ አልሆኑም፣ አራተኛው ሆነ። ያልሆኑትን ሦስቱን ሚስቱ ዐስሊ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ልብስ ታንጠለጥልባቸዋለች። ጣራ የሚባል ነገር የለውም። ሁለት ወንበሮች አሉት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፤ የተቀመጠ ሰው ከደረቱ በላይ ነፋስ ላይ ነው።

የሚነዳው ሰው የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ዲሪር «ዱላው» የሚለው መሪ ያለው እዚያ ነው። ከፊት ክብደት ከሌለ ግን አፍንጫው ወደ ሰማይ እያየ አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ዲሪር ከመልካ ጀብዱ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ፣ ሰው ሳያየው በማለዳ ሲለማመድ፣ ከፊት ያስቀመጠው ማሽላ ነበር። አንድ ጆንያ፣ በቀበቶ ታስሮ። ስድስት ወር ማሽላ ይዞ በረረ። በስድስተኛው ወር ጆንያው አየር ላይ ተተረተረና ማሽላው እየተነሣ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዲሪር እንዴት እንዳረፈ አያውቅም። እንደወረደ በቀጥታ ገብረ መድኅን ቤት ሄደ፤ ዓይኑ ገና ቀይ ነው።

«ስንት ኪሎ ነህ?»

«ማን፣ እኔ?»

«ና እስቲ።»

ቀፊራ ገበያ ወስዶ የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አቆመው። ስድሳ ሁለት። ዲሪር ሚዛኑን ጎንበስ ብሎ አየና «አንድ ኪሎ ነው የምትለያዩት» አለ።

«ከማን ጋር?»

ዲሪር ነገረው። ገብረ መድኅን ከሚዛኑ ወርዶ «እዚያ ላይ ሆኜ ምን እሠራለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም። አትነቃነቅ። እሱም አይነቃነቅም ነበር።»

በእሑድ ማለዳ ከተማዋ ላይ ዞሩ። ገብረ መድኅን ከመነሣት እስከ ማረፍ ያየው ነገር የለም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ነፋሱ የድሮ የባቡር ቆቡን እንዳይወስድበት በአንድ እጁ ግንባሩ ላይ ተጭኖ ይዞታል። ታች ያለው ሰው ግን ያየው ሌላ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ ጣሪያ ላይ የነበረ ሰው በስልኩ ቀረፀው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድሬ በሙሉ አየችው። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ ከፊት የተቀመጠው ሽማግሌ ቆብ አድርጎ ለሕዝቡ ሰላምታ ሲሰጥ። ከኋላው ዲሪር አለ፣ አንገቱን ወደ ጎን አውጥቶ አገር የሚያይ።

በዚህ ከተማ የሚነዳ ሁሉ ከፊት ነው የሚቀመጠው። ባጃጁ እንዲያ ነው፤ ጋሪውም፣ አይሱዙውም፣ ባቡሩም። ከኋላ ያለው ተሳፍሮ ነው። ይህን ማንም ለማንም አስተምሮ አያውቅም፤ የሚታወቅ ነገር ነው።

ሰኞ ዕለት ገብረ መድኅን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በሰባት ሰው «ካፒቴን» ተባለ። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የምትሸጠው ሀሊሞ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው፣ ሂሳብም አልቀበልም አለች።

«ሀሊሞ፣ የሚነዳው እኮ ዲሪር ነው።»

«አየሽው?» አለች ሀሊሞ አጠገቧ ላለችው ሴት። «ትልቅ ሰው እንዲህ ነው። ለጓደኛው ይሰጣል።»

«እኔ የገባሁት በጆንያ ፋንታ ነው።»

«ወላሂ፣ ጨዋታውም የካፒቴን ነው።»

ከሁሉ ያስደነገጠው አጠራሩ ነው። ድሬ ላይ ለሽማግሌውም ለሹሙም «አንተ» ነው፤ ማንም አይከፋም። አሁን ግን ትናንት «ወሪያ ገብሬ» እያለ በአንተታ ይጠራው የነበረ የባጃጅ ሾፌር «ይግቡ» አለው። ገብረ መድኅን ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

ለሚስቱ ለየሺአረግ እውነቱን ነገራት። እሷ ብቻ አመነችው።

«ታዲያ አንተ እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«እቀመጣለሁ።»

«እዚህስ?» አለች።

ወራቱ አለፉ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይበርራሉ፤ በየሳምንቱ ሰው ይጋብዘዋል። ዲሪር ስለዚህ ነገር ምንም አይልም። ገብረ መድኅንን ግራ ያጋባው ይኸው ነው። ቢሳደብ ይሻለው ነበር። ዲሪር የሚያነሣው ኪሎ ብቻ ነው።

«ስድሳ ስምንት ገብተሃል።»

«ሰው እየጋበዘኝ ነው።»

«ለምን?»

ገብረ መድኅን ጫማውን አየ። «ስለምነዳ።»

«የምትነዳ ከሆነ መክሳት አለብህ» አለ ዲሪር፣ ወደ ሞተሩም ዞረ። ቀልዶ ይሁን ተቀይሞ ከጀርባው መለየት አይቻልም።

ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት ካፒቴኑን በክብር ጠራ። ገብረ መድኅን ዲሪርን አስከትሎ ሄደ፤ ዛሬ ሁሉን አፍርጦ ለመገላገል ወስኗል። እሱን መድረክ ላይ አስቀመጡት፣ ዲሪርን ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከወላጆች ጋር። ጋቢ ሲያለብሱት ማይኩን ያዘና ተናገረ። የሠራው ዲሪር ነው፣ የሚነዳውም እሱ ነው፣ እኔ ክብደት ነኝ፣ ከእኔ በፊት ማሽላ ነበር፣ አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ርዕሰ መምህሩ ዕንባ እየጠረገ «ትሕትና ማለት ይህ ነው» ብሎ ለተማሪዎቹ አስረዳ። ገብረ መድኅን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዲሪርን ፈለገው። ዲሪርም ያጨበጭባል። ቀስ ብሎ፣ ከሌላው ሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው ያቆመው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልጠራውም። በአራተኛው እሑድ ገብረ መድኅን ሳይጠራ መልካ ጀብዱ ድረስ ሄደ። የፊት ወንበር ላይ አዲስ ጆንያ አለ፣ በሲባጎ ድርብ ተሰፍቶ፣ በቀበቶ ታስሮ።

«ኪሎህ በዝቷል» አለ ዲሪር። ቀበቶውንም አጠበቀ።

ገብረ መድኅን በባጃጅ ተመለሰ። አርባ ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ዲሪር በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ የሚቀመጥበት ወንበር ቤቱ ውስጥ አለ። የሺአረግ አሁን ልብስ እየከመረችበት ነው። ገብረ መድኅን ያልሠራውን እንዳልሠራ ለመላው ከተማ ተናግሯል፤ ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ዲሪርን ሊያጣው እንደሆነ ግን ያውቃል።

ሁለቱ እንግዶች የመጡት በዚህ መሀል ነው። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነን አሉ፤ አንዱ ወጣት ነው፣ ላፕቶፕ ይዟል፣ አንዷ ሴት ናት፣ ፋይል ይዛለች። ቪዲዮው እነሱም ጋ ደርሷል። የካፒቴኑን ቤት ሲጠይቁ ከተማው እየተቀባበለ አምጥቷቸዋል።

ሴትየዋ ብዕሯን ከፈተች። «ይህን አውሮፕላን የሚያበርረው ማን ነው?»

ገብረ መድኅን አፉን ከፈተ። ዓመት ሙሉ ሲለው የኖረው መልስ ምላሱ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው፣ አምኖም የሚጽፈው ሰው ፊቱ ተቀምጧል።

«ያበረረው ሰው ምን ይሆናል?» አለ።

«ፈቃድ ከሌለው ይከሰሳል» አለ ወጣቱ። «የመኪና መንጃ ፈቃድ ካለው ደግሞ እሱም ላይ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።»

ዲሪር ያለ አይሱዙው ምን እንደሆነ ገብረ መድኅን ሊያስበው ሞከረ፤ አልታየውም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ?» ሴትየዋ ከጫማው እስከ ቆቡ አየችው። «ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስድሳ ሰባት።»

«ብስክሌት ነድቶ አያውቅም» አለች የሺአረግ ከጓዳ። ማንም አልሰማትም።

ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌ መክሰስ አልፈለጉም፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ወጣቱ የግዴታ ወረቀት አዘጋጀ። እኔ ገብረ መድኅን ሠርቼ ሳበርረው የነበረውን አውሮፕላን ክንፉን ነቅዬ ከሜዳው አነሣለሁ፣ ሁለተኛም ከመሬት አይነሣም፣ ይላል። ፈረመ። ለእሱም አንድ ቅጂ ሰጡት።

ቅጂውን ይዞ ዲሪር ዘንድ ሄደ። ዲሪር እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አነበበ፣ ደግሞም አነበበ።

«እኔ የለሁበትም» አለ።

«የለህበትም።»

«አራት ዓመት ሠርቼ፣ ዓመት ተኩል አብርሬ፣ የለሁበትም። ‹ሠርቼ› ብለህ ፈረምክ?»

«አንተ ነህ ብል መንጃ ፈቃድህን...»

«ገብቶኛል።» ዲሪር ወረቀቱን አጠፈው። «ያቃጠለኝም እሱ ነው። ሰው ሁሉ ካፒቴን ሲልህ ተናድጄብህ ነበር፣ በደንብ። አሁን ደግሞ እንዳልናደድብህ አደረግከኝ አቦ። ምን ልሁን?»

ገብረ መድኅን ከመሬት አንሥቶ የብሎን መፍቻ ቁልፍ አቀበለው።

ክንፎቹን ለማውለቅ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን የዐስሊ ወንድም ዮኒስ አይሱዙውን አመጣ፤ ክንፎቹን ጫኑ፣ የቀረውን አካል በገመድ ከኋላ አሰሩት። ጆንያውን አወረዱ። ዮኒስ መሪውን ያዘ። ዲሪር አጠገቡ ሊቀመጥ ወደ ጋቢናው ሲሄድ ገብረ መድኅን ወደ አውሮፕላኑ ሄዶ፣ እየተንገዳገደ፣ የኋላው ወንበር ላይ ወጣና ተቀመጠ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«አንተ ከፊት ግባ።»

«ሲጎተት? ምን ልሠራ?»

«ምንም። ተቀመጥ። በከተማው መሀል ነው የምናልፈው።»

ዲሪር ጋቢናውን አየ፣ ባዶውን የፊት ወንበር አየ። የገባው ቀስ ብሎ ነው። «ይኼ ውሸት ነው» አለ።

«እውነቱን ነግሬያቸው አላመኑም።»

ዲሪር ሽርጡን ሰብስቦ ገባ።

ከኋላው ወንበር ወደፊት ምንም አይታይም፤ የሚታየው የዲሪር ጭንቅላት ነው። ገብረ መድኅን ይህን አላወቀም ነበር። «እንዴት ነበር የምታየው?» ብሎ ጮኾ ጠየቀ፤ አቧራው አፉ ገባ።

«በጎን» አለ ዲሪር ሳይዞር። «ፊት ለፊትማ ያየሁት ያንተን ቆብ ነው።»

ቀፊራ ሲደርሱ ገበያው ቆመ። ክንፍ የሌለው አውሮፕላን በገመድ ሲጎተት፣ ከፊት ወንበሩም ላይ ዲሪር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሲያልፍ፣ ሰው ለትንሽ ጊዜ ግራ ተጋባ። ሀሊሞ ከዕቃዋ አጠገብ ተነሣች።

«ካፒቴኑ ዲሪር ነበር እንዴ?»

«ታዲያ አይታይሽም?» አለ አንድ ተሸካሚ። «ከፊት ያለው ማን ነው?»

«ካፒቴን ዲሪር» አለ አንዱ፤ ሌላው ተቀበለው፤ የደቻቱ ድልድይ ጋ ሲደርሱ የባጃጆቹ ጥሩምባ ሁሉ ይኸው ሆነ። ዲሪር መጀመሪያ ጉልበቱን ነበር የሚያየው። ከዚያ ቀና አለ። ከዚያ አንድ እጁን አነሣ፣ ትንሽ። ሰው አጨበጨበ፣ እሱም ከፍ አደረገው።

«ገብሬ» አለ፣ እጁን እያውለበለበ።

«አቤት።»

«ዱላውን አትነካካ። ጭራው ሲወዛወዝ ይሰማኛል።»

ገብረ መድኅን እጁን አነሣ። ይዞት እንደነበር አላወቀም።

ጥቂት ሄዱ።

«ይሁን ግድ የለም፣ ያዘው» አለ ዲሪር።