ለእያንዳንዱ ትሬድ ስንት ይድረሰው?

ሄራን የአበዛሽ ልጅ ናትና ቆጥቦ መስጠት አልፈጠረባትም። ማሪዬታ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤቷ መንገድና ፌርማታ ለሚያሳዩ የአውቶቡስ መሣሪያዎች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሠራል። መሣሪያው ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡት ሥራዎች ትሬድ ይባላሉ፤ ለእያንዳንዱ ትሬድ ስታክ የሚባል የራሱ ሜሞሪ ይታደላል። ስንት ይታደል የሚለውን እንድትወስን ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድል ሲሰጣት፣ በእናቷ ደንብ «ከሚጎድል ይትረፍ» ብላ ለሁሉም ስልሳ አራት ኪሎባይት ደለደለች። መሣሪያው አርባኛው ትሬድ ላይ ሜሞሪ አልቆበት ቀጥ አለ። አለቃዋ እስከ ሰኞ ካላስተካከለች ውሳኔውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገራት። ተናደደች፤ ከንዴቷ ይልቅ ግን ኀፍረቷ ባሰ።

ቅዳሜ ዶራቪል ከተማ እናቷ ቤት ማኅበር ነበር። አበዛሽ የሁሉንም ሳህን እኩል ቆለለችና ዘግይተው የመጡትን ሦስት እንግዶች ባዶ ድስት ጠበቃቸው። ሄራን ሳህኖቹን ስታነሳ ግን ከግማሽ በላይ ምግቡ አልተነካም።

«ማሚ፣ ሉክ፣ እይው! ምን ያህል እንደሚበሉ ለምን ሜዠር አታደርጊም?»

«ልጄ፣ እንግዳ እየራበውም በቃኝ ነው የሚለው» አለች አበዛሽ። ከዚያ ወደ ጋሽ ጎሹ በአገጯ ጠቆመች። ኢስት ፖይንት የሻትል አውቶቡስ የሚነዳው ጎሹ «በቃኝ፣ በቃኝ» እያለ እጁ ጎረቤቱ ሳህን ውስጥ ገብቷል። «የሱን ግን ሳይጠይቅ እጨምራለሁ።»

እሑድ ሄራን እያንዳንዱን ስታክ በአንድ ምልክት ሞልታ መሣሪያውን አስነሳች፤ ምልክቱ ያልጠፋበት ቦታ ያልተነካ ሜሞሪ ነው። አብዛኛው ትሬድ አራት ኪሎባይት እንኳ አልጨረሰም። ለሁሉም ስምንት ብትሰጥ ሁለት መቶ ትሬድ ያለ ችግር ሮጠ። በደስታ ዘለለች።

ረጅም መንገድ ስትሞክር ግን የፌርማታዎቹ ስም ተዘበራረቀ። መንገድ ፈላጊው ትሬድ የራሱን ጨርሶ፣ ትንፍሽ ሳይል የጎረቤቱን ስታክ ይበላ ጀምሯል።

«ጋሽ ጎሹ!» ብላ ጮኸች ብቻዋን። ለመንገድ ፈላጊው ብቻ ሠላሳ ሁለት ሰጠችው፤ በየስታኩ ጠርዝ ደግሞ ድንበሩን የሚያልፈውን ትሬድ የሚይዝ ዘብ ኮድ አቆመች።

ሰኞ መሣሪያው ፈተናውን አለፈ። አለቃዋ ኮዱ ላይ «ጎሹ፦ ሠላሳ ሁለት። አይጠይቅም።» የሚል ማስታወሻ አነበበና ግራ ገባው፤ ውሳኔውን ግን ለእሷ ተወው።

ወዲያው ደወለች። «ማሚ፣ ተሳካልኝ!»

«እሰይ! ከሚጎድል ይትረፍ ብዬሽ አልነበር?»

ሄራን ልትከራከር አፏን ከፈተችና ሳቋ ቀደማት። «ለጋሽ ጎሹ ብቻ ነው፣ ማሚ።»